ሬናንቴ መስመር ላይ ነው

ጁላይ 6፣ እሑድ

የዘጠኙ ቀን ጸሎት ትናንት አለቀ። ዛሬ ጠዋት የተከራየናቸው የፕላስቲክ ወንበሮች ተመለሱና ሳሎኑ ሰፋ። ማናንግ ጁቪ ወደ ሲኪሆር ደሴት ከመመለሷ በፊት ሁላችንንም ወጥ ቤት ሰብስባ በሩን ዘጋች። የሬናንቴ ታላቅ እህት ናት፣ ለዚያ ነው ማናንግ የምንላት፤ እሷ በር ከዘጋች ነገሩ ተወስኗል ማለት ነው።

«ለናናይ አይነገራትም» አለች፣ እናታቸውን ማለቷ ነው። «በሜይ ስትሮክ መትቷት ግማሽ ጎኗ አይሠራም። ሐኪሙ አታስደንግጧት ብሏል። ትንሽ ትጠንክርና እኔው ራሴ እነግራታለሁ። እስከዚያ ሬናንቴ በድንገት ለመርከብ ተጠርቶ ሄዷል። ባሕር መሃል ነው፣ ኔትወርክ የለም። ተግባባን?»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ነቀነቅኩ።

«ኔሪሳ፣ አንቺን ነው በተለይ። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ ማናንግ።»

ባሌን ቀብሬ ባሌ መርከብ ላይ ነው ማለት የሚከብደኝ መስሎኝ ነበር። አልከበደኝም። ከተጋባን ጀምሮ ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ነገ በኢንተርኔት ማስተማር እጀምራለሁ። የኮሪያ ልጆች የእንግሊዝኛ አስተማሪያቸው ፈገግ ስትል ደስ ይላቸዋል። ዛሬ መስታወት ፊት ሞከርኩት፤ ይሠራል።

ጁላይ 9፣ ረቡዕ

ማናንግ ጁቪ ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ማነው ኮምፒውተሩን የነካው?»

«እኔ ነኝ፣ እያስተማርኩበት ነዋ።»

«ናናይ ነጥቡን አየችው! ‹ልጄ መስመር ላይ ነው፣ መርከቡ ኔትወርክ አለው› ብላ ለሰፈሩ ሁሉ እየነገረች ነው። እኔ ምን ልበላት አሁን? ምን ልበላት?»

ረስቼው ነበር። ኮምፒውተሩ የሬናንቴ ነው፤ ሌላ የለንም። ሲከፈት የመልእክት ፕሮግራሙ አብሮ በእሱ ስም ይከፈታል፤ ራሱ ነው እንደዚያ ያደረገው። ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር ከስሙ ጎን አረንጓዴ ነጥብ ይበራል፤ ነጥቡም እናቱ ስልክ ላይ ይታያል።

አስተካክለዋለሁ አልኳት።

ጁላይ 11

ትናንት ትምህርቱን ስጨርስ ከደንኩት። ጠዋት ስነሳ እየሠራ ነው። የሚያወርደው ነገር አለው መሰለኝ፣ ማንም ሳያዘው ሌሊት ይነቃል። ለእኔ ሳይነግረኝ ከኢንተርኔት ጋር ሲያወራ ያድራል። ማናንግ ጁቪ ሦስት ጊዜ ደውላለች፤ አላነሳሁም።

የለቅሶ ቀሚሴን አጥቤ አሰጣሁ። ዝናብ መታው።

ጁላይ 14፣ ሰኞ

ራውተሩን ከሶኬት ነቀልኩት። አሁንስ ከየት ያመጣል ብዬ ተኛሁ።

ከየትም አመጣ። ጠዋት ሳየው ከጎረቤታችን ከማኖይ ቴዲ ዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ ቁጭ ብሏል። በዚያ በትልቁ አውሎ ነፋስ ጊዜ መብራት ሲጠፋ ማኖይ ቴዲ ጄኔሬተር ስለነበረው ሬናንቴ የእሱን ኢንተርኔት ይጠቀም ነበር። ኮምፒውተሩ ያንን እስካሁን አልረሳም።

ማናንግ ጁቪ፦ «ሆን ብለሽ ነው እንዴ? ንገሪኝ፣ ሆን ብለሽ ነው?»

ምን ሆን ብዬ። ነቅዬ ነበር እኮ። ራውተሩን መንቀሌን ጽፌያለሁ።

ጁላይ 17፣ ሐሙስ

ማኖይ ቴዲን ለመንኩት፤ የተቀቀለ ሙዝ ይዞ መጣ። ለቅሶ ቤት ባዶ እጁን የማይገባ ሰው ነው፤ ከዘጠኙ ቀን በኋላ እንኳ ይሸከማል። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና ነገሩን ስነግረው ሳቀ።

«ይሄ ነገር ቁርጥ ባለቤቱን ነው። የሰው ቤት ሳይፈቀድለት ገብቶ ይቀመጣል!»

ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰማና አፈረ። ሳቅ፣ ምንም አይደለም አልኩት። እውነትም ምንም አይደለም።

ኮምፒውተሩ ከዚህ በፊት የተገናኘባቸውን ቦታዎች ሁሉ አውጥቶ አሳየኝ። የእኛ ቤት፣ የእሱ ቤት፣ ማኒላ ያለው የመርከበኞች ማረፊያ፣ የቀበሌው አዳራሽ፣ ልጃችን ጃኔል የተወለደችበት ሆስፒታል፣ ወደቡ። እያንዳንዱ ስም ጎን «እርሳ» የሚል ቁልፍ አለ። ማኖይ ቴዲ በየተራ ይጠይቀኛል።

«ይርሳው?»

«ይርሳው።»

«ሆስፒታሉንስ?»

«ይርሳው።»

የወደቡን አስቀረሁት። ሩቅ ስለሆነ ወደዚህ አይደርስም አልኩት። የቤታችንንም አላስረሳውም፣ ግን በራሱ እንዳይገናኝ ምልክቱን አነሳለት። አሁን እኔ ካልፈቀድኩለት አይገናኝም።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለ። «ኢንዳይ እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ምን አደከመን? ከሱ አካውንት ሎግ አውት ብታደርጊውኮ አለቀ። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።»

ሩዝ እያረረብኝ ነው አልኩትና ገባሁ። ሩዝ አልጣድኩም ነበር። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እንጃ፤ ደክሞኝ ይሆናል።

ጁላይ 21

በራሱ አይገናኝም። ሳስተምር እኔ አገናኘዋለሁ፣ ስጨርስ እነቅላለሁ። ዛሬ ስጨርስ ትንሽ ቆየሁ። ዝናቡ ጣራው ላይ ሲወርድ ኮምፒውተሩ ፊት መቀመጥ ደስ ይላል። ምንም አላደረግኩም።

ጁላይ 24፣ ሐሙስ

መልእክቶቹን አይቻቸዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ አልጻፍኩትም እንጂ ካየኋቸው ቆይቷል። መስኮቱ በራሱ ነው የሚወጣው፤ አለማየት አይቻልም።

ናናይ ፔሊንግ በግራ እጃቸው በአንድ ጣት ነው የሚጽፉት። ነጥብ የለ፣ ሰረዝ የለ።

«ልጄ በላህ»

«ባሕሩ ሰላም ነው»

«አይቶታል ይላል ለምን ዝም ትለኛለህ»

«ስለ ቤቱ ያልኩህን ተወው»

ቤቱ የተባለው የፋሲካው ነገር ነው። ሬናንቴ ከእኛ ጋር ኑሪ፣ የታችኛውን ክፍል አዘጋጅቻለሁ ብሎ ለመናቸው። እሳቸው ደግሞ «ከአባትህ መቃብር ልትነጥለኝ? እንግዲያው እናት የለኝም በል» አሉት። ያኔ እኔም ነበርኩ። ስንመለስ ጀልባው ላይ «ነገ ይረሱታል» አለኝና ኦቾሎኒ ገዛ።

አንድ መልእክት ሲከፈት «ታይቷል» ይላል። እሳቸውም ታይቷል የሚለውን ያያሉ። ልጃቸው አንብቦ የሚተዋቸው ይመስላቸዋል። ይህን የማደርገው እኔ ነኝ። ነገ አላነብም።

ጁላይ 25

አነበብኩ። «ራሴን አሞኛል አትጨነቅ» ይላል።

ጁላይ 29፣ ማክሰኞ

ሱቅ እንቁላል ልገዛ ቆሜ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ሲያወሩ ሰማሁ። ሳያዩኝ ቀርተው አይደለም፣ አይተውኛል።

«አርባው ሳይወጣ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣ ታመሻለች አሉ።»

«ምን ታርግ፣ ወጣት ናት። ኮሪያ ውስጥ አንዱን ይዛ ይሆናላ።»

«የእኔ ባል ቢሞት እኔ አሜሪካዊ ነው የምይዝ።»

ተሳሳቁ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። እንቁላሎቹን ስቀበል መልሴን በትክክል ቆጠርኩ። ይሄ ራሱ ያሳስበኛል። ሰው ቢመታኝ ይሰማኝ ይሆን?

ኦገስት 5፣ ማክሰኞ

አርባው ወጣ። ነፍሱ ዛሬ ሄደች ማለት ነው። ቄሱ መጡ፣ ሰዎች ተንበረከኩ፣ ማናንግ ጁቪ ለናናይ «ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ» ብላ በጠዋቱ ጀልባ መጣች። ጸሎቱ መሃል ላይ፣ ሁሉም ጸጥ ባለበት፣ ከጓዳ «ቱክ» አለ። ከዚያ ደግሞ «ቱክ»። መልእክት ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ሬናንቴ የመረጠው፣ የእንጨት በር ሲንኳኳ የመሰለ።

አንዲት አሮጊት አማተቡ። ማናንግ ጁቪ ዞር ብላ አየችኝ። ጠዋት አስተምሬ መንቀሉን ረስቼ ነው።

ሰው ሲሄድ ወጥ ቤት ያዘችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ምግብ ትታለች፣ ታውቂያለሽ? ‹ልጄ ተቀይሞኛል› ትለኛለች። መርከብ ላይ ነው ስላት ‹አትዋሺኝ፣ ነጥቡ ሲበራ አያለሁ› ትላለች። እኔ ከሞቱ ልጠብቃት ብዬ ነው፤ አንቺ ደግሞ በሕይወት ያለ ጨካኝ አደረግሽባት። ወንድሜ ጨካኝ ነበር?»

«አልነበረም።»

«እንግዲያው አጥፊው!»

«እሺ።»

«እሺ እሺ ትያለሽ» አለችና መሐረቧን አፍዋ ላይ ያዘች። አቀፍኳት። ትከሻዋ ከሬናንቴ ትከሻ ጋር አንድ ነው። ያኔም ምንም አልተሰማኝም፤ ስለ ሰሃኖቹ ነበር የማስበው።

ኦገስት 8፣ ዓርብ

ማኖይ ቴዲ ድጋሚ መጣ። ስለ ሎግ አውት አላነሳም፤ የገባው ነገር ሳይኖር አይቀርም። ፋየርዎል የሚባለውን ከፈተና የመልእክት ፕሮግራሙን ከዝርዝሩ ፈልጎ ከለከለው። ከአሁን ወዲያ ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ቢያገኝም ያ ፕሮግራም በእኔ ፈቃድ ካልሆነ በቀር ወደ ውጭ መውጣት አይችልም። የማስተምርበት ግን ይሠራል።

«እንደ ዘበኛ አስቢው» አለኝ። «ሌላው ሁሉ ይግባ ይውጣ። እሱን ብቻ በሩ ላይ ያቆመዋል።»

ስንት ጊዜ ስንደክም ከረምን፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል ነበር። ለማናንግ ጁቪ ደውዬ ነገርኳት። «ተመስገን» አለች፣ ከጁን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደህና ድምፅ።

ኦገስት 10

ጸጥታ።

ኦገስት 12

ጸጥታ። አስተምራለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ዛሬ ለምን አትስቂም?» አለኝ። እየሳቅኩ መስሎኝ ነበር።

ኦገስት 13፣ ረቡዕ

ጃኔል ከትምህርት ቤት መጥታ ኮምፒውተሩ ፊት ቆመች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሁሉንም ነገር ታውቃለች፣ አያቷን በስልክ ማነጋገር ተከልክላለች።

«እማ፣ ፓፓን ለምን አጠፋሽው?»

«ያጠፋሁት ፕሮግራሙን ነው እንጂ እሱን አይደለም።»

«ድሮ ነጥቡ ይበራ ነበር። አሁን አይበራም።»

ልጅ እንዲህ ሲል እናት ምን ታደርጋለች? ክልከላውን አነሳሁለት። ለልጅቷ ስል ነው። ትንሽ ብቻ፣ እስክትተኛ።

አሥራ አንድ መልእክት ገባ፣ ቱክ ቱክ እያለ። ጃኔል ከተኛች በኋላም አልነቀልኩትም።

ኦገስት 16

ማናንግ ደወለች። አላነሳሁም።

ኦገስት 18

ዝናብ። ደወለች።

ኦገስት 21፣ ሐሙስ

ይህን ዛሬ ጠዋት አነበብኩ፦

«መርከብ ላይ አይደለህም ቤትህ ነህ አውቃለሁ እሑድ በጀልባ እመጣለሁ ለጁቪ አልነገርኩም የጎረቤት ልጅ ይደግፈኛል የታችኛው ክፍል ካለ እኖርበታለሁ አባትህ ይቅር ይለኛል»

ደጋግሜ አነበብኩት። ግማሽ ጎን የማይሠራ ሰውነት ይዘው፣ በዚህ ማዕበል፣ ልጃቸውን ይቅርታ ሊጠይቁ ይመጣሉ። ወደቡ ላይ ማን ይቀበላቸዋል? እኔ እቀበላቸውና ምን እላለሁ?

ለማናንግ ጁቪ መንገር ነበረብኝ። ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት።

ኦገስት 23፣ ቅዳሜ

መለስኩላቸው። በእሱ ስም።

እንዲህ ጻፍኩ፦ «ናናይ አትምጪ። ዝናብ ነው፣ ባሕሩ ከፍቷል። አልተቀየምኩሽም። በልቻለሁ።»

ጣቴ ሲጽፍ ሌላ ሰው የሚጽፍ ይመስል ነበር። ላክሁት። ወዲያው «ታይቷል» አለ። ከዚያ በታች ሦስቱ ነጥቦች መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ እየጻፉ ነው ማለት ነው። ቆሙ። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና ቆሙ። ምንም አልመጣም።

አሁን ሌባ ነኝ። ሌላ ስም የለውም። ጃኔል ወረቀት ላይ መርከብ እየሳለች ነው፤ ጎበዝ ብያታለሁ።

ኦገስት 25

አልመጡም። አልጻፉም። ተሳክቶልኛል ማለት ነው።

ኦገስት 26

ዝም።

ኦገስት 28፣ ሐሙስ

ሲያልቅ ወዲያው ልጻፈው፤ አለዚያ የተሰማኝን ነገ ከራሴ እደብቃለሁ።

ጠዋት የመጀመሪያውን ትምህርት ልጀምር ኮምፒውተሩን እንዳገናኘሁ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ናናይ ፔሊንግ ናቸው። የጎረቤት ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ድምፁን ከፍ አድርገውታል፤ በደህናው እጃቸው የራሳቸውን ስልክ ይዘዋል።

«ኔሪሳ ልጄ።»

«አቤት ናናይ።»

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ። ጃኔል ትምህርት ቤት ናት።»

«እኔም ብቻዬን ነኝ፣ ጁቪ ገበያ ወጥታለች። ስሚኝማ። ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እጄን ሳይጠይቅ አፉን አይከፍትልኝም። ገና ከበሩ ‹እጅሽን ናናይ› ይልና ግንባሩ ላይ ያደርገዋል። ባሕር ማዶ ሆኖም ያው ነው። ሲጽፍልኝ መጀመሪያ ‹እጅሽን ናናይ› ነው። እኔ ‹እግዚአብሔር ይባርክህ› ካላልኩት ወሬውን አይቀጥልም። ተቆጥቶም ቢሆን፣ ሰክሮም ቢሆን። ቅዳሜ የጻፈልኝ ሰው እጄን አልጠየቀኝም።»

እኔም እኮ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እኔም ራሴ እጃቸውን ግንባሬ ላይ አድርጌያለሁ። እንዴት ረሳሁት?

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ናናይ።»

«እሱስ?»

መተንፈሳቸው ይሰማኛል። ማናንግ ጁቪ ያስጠናችኝ ሁሉ አፌ ላይ ነበር፣ መርከቡም ባሕሩም ኔትወርኩም። አንዱም አልወጣም። ዝምታዬን ሰሙት።

«መቼ ነው?» አሉ።

«ጁን ሃያ ሰባት።»

«ምን ሆኖ?»

«ሞተር ብስክሌት። ዝናብ ነበር። ወዲያው ነው አሉ፣ አልተሰቃየም አሉ።»

ሐኪሙ የፈራው ነገር ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮሁም። አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ፤ ደንግጬ «ናናይ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምርኩዜ ነው። አርባውስ?»

«ወጥቷል።»

«አርባውን ሙሉ እኔ ሳኮርፈው ነበር» አሉ። «ሰው ሁሉ ሲጸልይለት እኔ እናቱ ኩርፊያ ይዤ። አንድ ቀንማ ዝም ብትለኝ ዝም እልሃለሁ ብዬው ነበር።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው ናናይ። ኮምፒውተሩን ማጥፋት ነበረብኝ። ሁሉም ነግረውኛል።»

«ለምን አላጠፋሽውም?»

ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። «ፓስዎርዱን አላውቀውም። ከወጣሁ ተመልሼ መግባት አልችልም።»

ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ነበር፤ ይገባኛል።

«እኔም እኮ ገብቶኝ ነበር» አሉ። «ሁሉም አይባልም፣ ግን ጁቪ ዓይኔን ማየት ስትተው ገብቶኛል። ነጥቡ እስከበራ ድረስ አልጠይቅም ብዬ ነው። አሁንም በርቷል፤ እያየሁት ነው።»

«አዎ፣ ላስተምር ከፍቼው ነው።»

«ዝጊው ልጄ።»

«ናናይ…»

«ዝጊው። እኔ እዚህ እያየሁ ነው፣ ብቻሽን አይደለሽም።»

ስሙን ነካሁ። ከታች «ውጣ» ይላል። እሱን ስነካው «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም ነገር እንዲህ ሁለት ጊዜ ቢጠይቅ ጥሩ ነበር። ነካሁት። ፎቶው ጠፋና ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ባዶ ገጽ መጣ።

«ወጣሁ» አልኳቸው።

«እዚህ ገና በርቷል።»

ጠበቅን። ዝናቡ እሳቸው ጋም እየዘነበ ነው፤ በስልኩ ይሰማል።

«ጠፋ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን፣ «‹ከአንድ ደቂቃ በፊት እዚህ ነበር› ይላል» አሉ።

ያኔ አለቀስኩ። ከጁን ጀምሮ ያላለቀስኩትን፣ አፌን ሳልሸፍን። እሳቸው አላባበሉኝም።

«አሁን ‹ከሁለት ደቂቃ በፊት› አለ» አሉ። «ስልኩን እንዳትዘጊው። እኔ አርባውን አላወጣሁለትም። አርባ እስኪል አብረሽኝ ቆዪ።»

የኮሪያው ልጅ ጠብቆ ጠብቆ ሄደ። እሳቸው በየደቂቃው ቁጥሩን ያነቡልኛል፣ እኔ «አዎ ናናይ» እላለሁ፤ መሃሉን በሹክሹክታ ይጸልያሉ። አንዳንዴ ድምፃቸው ሲቆራረጥ እኔ እቀጥላለሁ። አርባ ሲል ማንበቡን አቆሙ። ከዚያ ናናይ ፔሊንግ «እግዚአብሔር ይባርክህ» አሉ። እኔን አልነበረም።